ሻንጣ ውስጥ አይፈስም ወይ?

ለማስታወቂያ ብዬ ከኪሴ ያወጣሁት የመጀመሪያው ገንዘብ 3,000 ብር ነበር። የት እንደገባ ለመረዳት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሌባ ወስዶት ቢሆን አንድ ቀን ተበሳጭቼ ይወጣልኝ ነበር። የወሰደው ግን ሌባ አልነበረም፤ የከፈልኩበትን ነገር ቆጥረው አስረክበውኛል። የማያስፈልገኝን የገዛሁት እኔው ነኝ።

እኔና እናቴ ደሴ ውስጥ ትንሽ ባልትና አለችን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ እንሸጣለን። ሱቃችን ከሰኞ ገበያ ብዙም አይርቅም፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ዛላውን የምትመርጠው እናቴ ናት። ከጆንያው መሐል አንዱን ትመዝና በጥፍሯ ትሰነጥቀዋለች፣ ፍሬውን መዳፏ ላይ ታራግፋለች፣ ከዚያ ታሸተዋለች። ነጋዴው “የማረቆ ነው” ብሎ ቢምልም ቢገዘትም የምትሰማው አፍንጫዋን ነው። ዛላው ከተገዛ በኋላ ቅንጠሳው፣ ድለዛው፣ ማስጣቱና ወፍጮው ይከተላል። ማስጣቱ ላይ ደሴ አታግዘንም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጦሳ የሚወርደው ጉም ማለዳ ያሰጣነውን እስከ ቀትር እንደረጠበ ያቆየዋል። ስለዚህ በርበሬያችንን ጭነን ኮምቦልቻ አክስቴ ግቢ እንወስደዋለን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው፤ ጋቢ ለብሰን ወጥተን እዚያ ስንደርስ ጥላ እንፈልጋለን። የአክስቴ ሰሌን ላይ ሦስት ቀን የዋለ በርበሬ ደሴ ሳምንት ከተሰጣው ይበልጣል።

እኔ የሒሳብ አያያዝ ተምሬ ሥራ ሳጣ ነው ወደ ሱቁ የገባሁት። ድርሻዬ መዝገቡና ስልኩ ሆነ። ስልኩን ስለያዝኩም የማስታወቂያ ኃላፊ ሆንኩ፤ ሹመቱን ለራሴ የሰጠሁት ራሴ ነኝ።

በዚያን ጊዜ በብር የሚንቀሳቀስ የባንክ ካርድ ለፌስቡክ ማስታወቂያ አይከፍልም ነበር። ማስተዋወቅ የፈለገ ሰው የውጭ አገር ካርድ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ ዶላሩን ከባንክ ዋጋ በላይ አስልተው “ቡስት” የሚያደርጉ ወጣቶችም ሞልተዋል። እኔም ፒያሳ አካባቢ አንድ ልጅ አገኘሁ። ትሑት ልጅ ነው፤ እናቴን “እትዬ፣ እርስዎ ብቻ ይመርቁኝ” እያለ ሥራውን ጀመረ። በወርቃማ ፊደል “በጥራቱ የተመሰከረለት፣ በባለሙያ የተዘጋጀ የባልትና ውጤት፤ ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን” የሚል ሠራልኝ። ሥር ላይ “ለጨጓራ ፍቱን” የሚል ለመጨመርም ፈልጎ ነበር። በርበሬ ለጨጓራ! አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል አዋጅ በአገራችን እንዳለ፣ ቁጥሩም 759/2004 እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ቀን ያዳነችን ግን እናቴ ናት። “እኔ ራሴ ጨጓራ አለብኝ፣ በርበሬ እሸጣለሁ እንጂ አልበላም” ብላ አስቆመችው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰው “ወደደን”። 14 ሰው ጻፈልን። ከ14ቱ ብዙዎቹ የጻፉት “ዋጋ?” የሚል አንድ ቃል ሲሆን መልስ ስሰጣቸው ጠፉ። የገዙን ሁለት ናቸው፤ አንዷ ጎረቤታችን ነበረች፣ ማስታወቂያውን ባታይም መምጣቷ አይቀርም። እናቴ ቁጥሩን ስነግራት መነጽሯን አውልቃ “ሺህ ሰው ወዶን ሁለት ሰው ገዛን? ይህ ምን ዓይነት መውደድ ነው?” አለችኝ።

መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። ማስታወቂያ ሲጫን ፌስቡክ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ግብህ ምንድን ነው ብሎ ነው፤ ብዙ ሰው እንዲያይልህ ነው፣ ወይስ እንዲወዱልህና አስተያየት እንዲሰጡ፣ ወይስ መልእክት እንዲጽፉልህ? ያ ልጅ ለእኔ የመረጠው መወደዱን ነበር። ስርዓቱ ደግሞ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ያየውን ሁሉ “ወድጄዋለሁ” እያለ የሚያልፍ ሰው ማን እንደሆነ ከልምዱ ያውቀዋልና ማስታወቂያዬን ለእነዚህ ሰዎች አሳየልኝ። የሚገዛ ሰው ፈልግልኝ አላልኩትም፤ አልፈለገልኝም። መልእክት የሚለውን መርጦ ቢሆን ኖሮ የመጻፍ ልማድ ያላቸውን ይፈልግልኝ ነበር። ልዩነቱ አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነው።

ሁለተኛ ያልገባኝ ነገር ጨረታው ነበር። አንድ ሰው ስልኩን ሲከፍት ያችን አንዲት ቦታ ለማግኘት ብዙ አስተዋዋቂዎች ይጫረታሉ፤ የሚያሸንፈው ግን ብዙ ገንዘብ ያቀረበ ብቻ አይደለም። ያ ሰው የተፈለገውን ነገር የማድረግ ዕድሉ ስንት ነው፣ ማስታወቂያውስ ለሚያየው ሰው ይረባል ወይስ ያሰለቻል የሚለውም ይታሰባል። ሰው አይቶ የሚያልፈው ማስታወቂያ ቦታ ለማግኘት የበለጠ መክፈል ይኖርበታል። የእኔ ወርቃማ ፊደል ከመቶ ሌሎች ወርቃማ ፊደሎች የሚለየው ነገር ስላልነበረው ዋጋው ሳይወደድብኝ የቀረ አይመስለኝም።

ሦስተኛውና ዋናው ስሕተት የቦታው ምርጫ ነው። ልጁ ካርታው ላይ ደሴን ጠቁሞ ዙሪያዋን አከበበ፤ ክበቡ ኮምቦልቻንም ሐይቅንም አስገባ። አስቡት እንግዲህ። ደሴ ውስጥ በርበሬ የሚደልዝ ጎረቤት የሌለው ማን ነው? የኮምቦልቻ ሰው በርበሬ የሚያሰጣበት ፀሐይ አጥቶ ከእኛ ከብርዳሞቹ ይገዛል? በገንዘቤ የሄድኩት እናታቸውና አክስታቸው ያዘጋጁላቸው ሰዎች ጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልከፈልኩም። የቴሌግራም ገጽ ከፍቼ የሱቁን ዕቃ ፎቶ እያነሳሁ መለጠፍ ቀጠልኩ። ፎቶው ደግሞ ሌላ ችግር ነበር፤ የሱቃችን አምፖል በርበሬውን ቡናማ ያስመስለዋል። ደጅ አውጥቼ በጠዋት ብርሃን ሳነሳው ነው የራሱን ቀለም ያገኘው። ይህን ለማወቅ ካሜራ መግዛት አላስፈለገኝም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ መውጣት ብቻ በቃኝ።

“ዋጋ በውስጥ መስመር” የሚለውን ግን አልተውኩትም ነበር። ለምን እንደምንጽፈው የማያውቅ ነጋዴ የለም። ተፎካካሪ ዋጋችንን እንዳያይ፣ ገዢው እንዲከራከረን፣ በዚያ ሰበብም እንድናናግረው። በርበሬም ዋጋው ስለሚዋዥቅ ትናንት የጻፍኩት ዛሬ ያሳፍረኛል ብዬ እፈራለሁ። እናቴ ይህን አልተቀበለችም። ሰኞ ገበያ ላይ አንዲት ሻጭ ስንት ነው ተብላ “ጠጋ በይና በጆሮሽ ልንገርሽ” ብትል ገዢዋ ምን እንደምታስብ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ እንጂ አልሰማኋትም።

የሰማኋት አንዲት ልጅ ከጅዳ ስትጽፍልኝ ነው። ቤት ሠራተኛ ናት። ስልኳን ተረጋግታ የምትይዘው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ “ዋጋ ስንት ነው እህቴ?” ትላለች። የእነሱና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ እኔ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስመልስላት እሷ ሥራ ላይ ናት። በማግስቱ ሌሊት “አንድ ኪሎ ነው ወይ?” ትላለች፤ እኔ እንደገና ጠዋት። ለሦስት ቃል አራት ቀን ሄደ። በአምስተኛው ቀን አገኘኋት፣ በድምፅ እንዲህ አለችኝ፦ “እህቴ፣ ዋጋውስ ይሁን። ብቻ ሻንጣ ውስጥ አይፈስም ወይ? ባለፈው ያመጡልኝ ፈስሶ የሰውየውን ልብስ ሁሉ አበላሸው፤ አፍሬ ሞቻለሁ።”

ይህን ድምፅ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። እኔ ስለ ጥራት ጽፌያለሁ፣ ስለ ባለሙያ ጽፌያለሁ። እሷ የወሎ ልጅ ናት፤ የወሎ በርበሬ ምን እንደሚመስል ከእኔ የምትማር አይደለችም። የምትፈራው ሌላ ነገር ነው፤ አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ለምና፣ ሰውየው ከሻንጣው ኪሎ ቀንሶ ይዞላት፣ ከዚያ ነጭ ሸሚዙን ቀይ አድርጎ መልሶ እንዳያፍርባት።

በዚያው ሳምንት በሙቀት የሚዘጋ ወፍራም ላስቲክና ማሸጊያ መሣሪያ ፈለግሁ። አንድ ኪሎውን በአንድ ላስቲክ፣ ያንን በሌላ ላስቲክ፣ ሁለቱን በጨርቅ ከረጢት። ከዚያ እናቴ ቤት በሌለችበት ነጭ ነጠላዋን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ እሽጉን ከትከሻዬ ከፍታ ሦስት ጊዜ ጣልኩበት። አንዴ ቆሜም ረገጥኩት። የጎረቤት ልጅ በስልክ ቀረጸኝ። ነጠላው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አልታየችም፤ ካሜራውን ጠጋ አድርጎ ከጥለት እስከ ጥለት አሳየ። እናቴ ቪዲዮውን ያየችው ከተለጠፈ በኋላ ነው። “የበዓል ነጠላዬ ነው እኮ!” ብላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ፤ ማታ ላይ ግን ራሷ መልሳ ከፈተችው።

ከቪዲዮው ሥር ዋጋውን ጻፍኩ። የአንድ ኪሎውን፣ የሁለት ኪሎውን፣ እሽጉን ጨምሮ ሚዛን ላይ ስንት እንደሚመዝን በግራም። “ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ድረስ ነው” ብዬ ቀኑን አስቀመጥኩ፤ ዋጋ ይዋዥቃል እያልኩ የፈራሁት ነገር በአንድ መስመር ተፈታ። ቪዲዮውን የወደዱት ሰዎች 60 አይሞሉም። በዚያ ወር ግን 23 ትእዛዝ መጣልን፤ አብዛኛው ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከዱባይና ከቤይሩት።

ያኔ ነው ገበያዬ የት እንዳለ የታየኝ። ወሎ ልጆቿን ወደ ዐረብ አገር ስትልክ ኖራለች፤ በየሰፈሩ ከዚያ የሚደወልለት ቤት አለ። የእኔ ገዢ አንድ ሰው አይደለም፤ የምትከፍለው አንድ ናት፣ የሚሸከመው ሌላ ነው፣ የሚበሉት ደግሞ ሌሎች ናቸው። የከፋይዋ እህት በቴሌብር ትልክልኛለች፤ እኔ እሽጉን ከመናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ እልካለሁ። ጣርማ በርን አልፎ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እዚያ ተጓዡ ይቀበለዋል። እያንዳንዳቸው የሚፈሩት ነገር የተለየ ነው። ከፋይዋ ገንዘቡን በልተው ይጠፉ ይሆን ትላለች። ተሸካሚው ስንት ኪሎ ነው፣ ይፈስ ይሆን ይላል። የምትበላው ጨው በዝቶበት ይሆን ትላለች። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝን ጥያቄ ሁሉ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ አንዱ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሲደገም የሚቀጥለው ቪዲዮ እሱ ነው። “ጨው ስንት ጨመራችሁ?” የሚለው ሲደጋገም እናቴ ጨዉን በጭልፋ ስትለካ ቀረጽኳት። “ሸክላ አልተቀላቀለበትም ወይ?” የሚለውን ለመመለስ ደግሞ ወፍጮ ቤት የዋልንበትን ቀን ከዛላው ጀምሮ አሳየሁ። የእናቴ ጥፍሮች ከቅንጠሳ በኋላ ምን እንደሚመስሉ በዚያ ቪዲዮ ላይ ይታያል፤ አንዷ “የእናቴን እጅ መሰለኝ” ብላ ጻፈች፤ ምን ብዬ እንደምመልስላት አላወቅሁም።

ስለ መድረኮቹ አጠር አድርጌ ልበል። ቲክቶክ የማያውቀኝን ሰው ያመጣልኛል፣ ግን አያቆይልኝም። ቴሌግራም አዲስ ሰው አያመጣም፣ የመጣውን ግን ያቆያል። ፌስቡክ ላይ ገንዘብ ከማወጣ የአገር ልጆች የሚሰባሰቡባቸው ቡድኖች ውስጥ ሰው ሆኜ መቀመጥ ይሻለኛል። ዐረብ አገር ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ኢሞ ላይ ናቸው፤ የማስታወቂያ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ኢሞን ሲጠቅስ ሰምቼ አላውቅም። ጉግል ካርታ ላይ ሱቃችንን አስገብቻለሁ፤ ነፃ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ እንግዶች አሁን “ከመብራቱ በስተግራ፣ ሰማያዊ በር” ብዬ ሳላስረዳቸው ያገኙናል።

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ከተማችን ያየችውን እዚህ አልጽፍም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን መዝለል አልችልም፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠብን። ያ ሁሉ የቴሌግራም ተከታይ፣ ያ ሁሉ ቪዲዮ፣ ያ ሁሉ የሌሊት ጥያቄና መልስ ስልኬ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ሆነ። ደንበኞቼ እኔን ማግኘት አይችሉም፣ እኔም እነሱን ማግኘት አልችልም። የብዙዎቹን ስም እንኳ አላውቅም ነበር፤ የማውቃቸው በአበባ ፎቶና “የእናቷ ልጅ” በሚል ቅጽል ነው።

ያተረፈን የእናቴ ደብተር ነው። ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ። እኔ በቴሌግራም ስሸጥ እሷ ከእያንዳንዱ እሽግ ጋር የተቀባዩን ስምና ስልክ፣ የእህትየዋን ስልክ፣ “ሚጥሚጣ አትወድም”፣ “ለፋሲካ ትፈልጋለች” እያለች ትጽፍ ነበር። በልቤ ድካም ነው እል ነበር። ኢንተርኔት ሲጠፋ እናቴ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ መስመር በተገኘ ቁጥር አንድ በአንድ ትደውል ጀመር። “እኔ ነኝ፣ የበርበሬዋ። ደኅና ናችሁ?” ትላለች፤ ስለ በርበሬ የምታነሳው መጨረሻ ላይ ነው፣ አንዳንዴም ሳታነሳ ትዘጋለች። አዲስ አበባ ያሉት አዘዙ፤ እነሱም ለጅዳዎቹ ደወሉ። ብዙ አልሸጥንም፤ ግን ሱቃችንን አልዘጋንም። ኢንተርኔት ሲመለስ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ የደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ማንሳት ነበር።

አሁን ደብተሩ ሁለተኛ ሆኗል። ከእሱ የተማርኩት አንዱ ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። ሽሮ ከዓቢይ ጾም በፊት ይጠየቃል፣ በርበሬ ደግሞ ፋሲካና ዒድ ሲቃረቡ። እኔ ግን በበዓሉ ሳምንት ብለጥፍ ዘግይቻለሁ፤ ዕቃው ተጓዥ መጠበቅ አለበት። አንድ ወር ቀደም ብዬ ነው የምለጥፈው፤ “የሚመጣ ሰው ካላችሁ አሁን ንገሩን” እላለሁ። ማስታወቂያ ለማሠራት ዳግመኛ የከፈልኩትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከረመዳን በፊት፣ ደሴን ሳይሆን ሳዑዲ ዐረቢያን መርጬ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጌ፣ ግቡን መልእክት ብዬ፣ የነጠላውን ቪዲዮ። ያ ልጅ “ግን በወርቃማ ፊደል አንድ ነገር ጣል ላድርግበት?” ብሎኝ ነበር፤ ተው አልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትሞኙ ልንገራችሁ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ ሥራችንን አቅልሎልናል፣ የማያልቅ የባንክ ሰልፍም ቀርቶልናል። ግን የክፍያ ማረጋገጫ ብሎ ሰው የሚልክላችሁ ፎቶ ክፍያ አይደለም። አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው በጥሩ የተቀናበረ ደረሰኝ ልኮልኝ አምስት ኪሎ አስጭኖኛል። አሁን ገንዘቡ የራሴ ሒሳብ ላይ ሲገባ ካላየሁ እሽጉ ከመደርደሪያው አይወርድም፤ ደንበኛው ቢቆጣም “አብሽር፣ ሁለት ደቂቃ ነው” እለዋለሁ።

ትናንት ማታ ሱቅ ልንዘጋ ስንል ያቺው የጅዳዋ ልጅ በድምፅ ጻፈች። ለጓደኛዋ ሁለት ኪሎ ፈልጋለች፣ ጓደኛዋ ግን ጠቆር ያለውን ነው ወይስ ቀላ ያለውን የምትወደው እንደሆነ አታውቅም። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ እንደ ልማዷ አፏ ላይ አስጠግታ መናገር ጀመረች። የጓደኛዋ እናት የየት አገር ሰው እንደሆኑ ጠየቀች፤ የወሎ ቦረና ሰው ከሆኑ ጠቆር ያለው እንደሚሻላቸው፣ የባቲ ከሆኑ ግን ሌላ እንደሆነ አስረዳች። ስለ ልጅቷ ወገብ ጠየቀች፤ ባለፈው አሞኛል ብላት ነበር። ስለ አሠሪዎቿ ጠየቀች። ዝናብ መጣሉን፣ ኮምቦልቻ ያለው በርበሬ ገና አለመድረቁን ነገረቻት። አራት ደቂቃ ሞላ። ዋጋውን ረሳችው።

ስልኩን ተቀብዬ ከድምፁ ሥር ቁጥሩን ጻፍኩላት።